ከዋርካው ስትደርስ

አጎቴ ሙሉሰው፣ ወታደር ሳለ ድሮ፣
ባሕር ዳር ላይ ከርሞ፣ ሁለት ክረምት ኖሮ፣
ከሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ በእርሳስ
ከተማዋን ሥሎ፣ ሲረሳ ሲያስታውስ፣
ደምበጫ መናኸሪያ በመስኮት አቀበለኝ፤
«ይኸን ከያዝክማ ማንም አያስትህ» አለኝ።

አራት መስመር፣ አንድ ክብ፣ ሁለት የመስቀል ምልክት፣
አንድ ዛፍ፣ ከሁሉም እርሳሱ የጠነከረበት፤
ከግርጌው ጽሕፈት፦ «ከዋርካው ስትደርስ
ወደ ቀኝ ታጠፍ። ቁልቁል ነው፣ እስከ ውኃው ድረስ።»

ባሕር ዳር ስወርድ፣ ማን ቆሞ ያስጠይቅ!
«ፔዳ! ፔዳ! ፔዳ!» ጆሮ እስኪጨነቅ፣
አንዱ ሻንጣዬን ሲስብ፣ ሌላው ክንዴን ሲይዘው፣
አንድ ባጃጅ መጣ፤ ኋላው ላይ በቀይ ቀለም፦ «እንየው»።
ትእዛዝ መስሎኝ ነበር።
ለካ የሹፌሩ ስም ነው።

ካርታዬን ሰጠሁት። ገለባብጦ አየው።
መጀመሪያ ያነበበው የሲጋራውን ስም ነው።
«ይኸ ሲጋራ ቀርቷል» አለኝ፣ «ከተማውም እንደዚያው።»
ግን ሞተሩን አስነሣ፦
«ግባ እስቲ። እንየው።»

«ይኼ አንደኛው መስቀል» አለኝ፣ እየነዳ በአንድ እጁ፣
«የእትዬ ውድነሽ ወፍጮ ነበር ደጁ።
አሁን ባንክ ሆኗል፤ ሰልፉ ግን አልቀረ፣
ጆንያ የነበረው ወደ ደብተር ዞረ።»

«ሁለተኛውስ?» አልኩ።
ዝም አለ። ጥሩምባ ነፋ።
ጭድ የጫነች አህያ በፊታችን አለፈች፣ ሳትጣደፍ፣ በዝግታ።
«እሱን እኔ አላውቅም። ወታደር ምልክት
የሚያኖር ለጠላት፣ ወይ ለወደዳት ሴት፤
በዚህ ሰፈር ደግሞ ጠላት አላውቅበት።»

ዞር ብዬ ሳይ ቤት የለም።
አጥር ያጣች ሮማን
ብቻዋን ቆማለች፣ ሳትጠብቅ ማንንም፣ ማንን።
አንዷን ፍሬ ቀጠፍኩ፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤
ለአጎቴ ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን አጣሁ።

በዘንባባው መሐል ስንከንፍ፣ ጥላና ፀሐይ
ተራ ሲገባቡ በጉንጬ ላይ፣
እንየው ይቆጥራል፦ «ይኸ ሆስፒታል፣ ያ ስታዲየም፣
ይኸ ደግሞ የማያልቅ ፎቅ፤ ከተጀመረ አንድም
ሰው አልገባበትም፤ እርግብ ብቻ ይከራየዋል።
ቤዛዊት ያ ጉብታ ነው፤ ላዩ ስትወጣ ዓባይ ይታያል፣
ሐይቁን ጥሎ ሲሄድ፣
ዞር ብሎም አያይ።»

መናፈሻው በር ላይ ቲኬት ቆራጯን ልጅ
«ሐይቅ ለማየትም ይከፈላል?» ብላት፣ ቆሜ ከደጅ፣
«ሐይቁ በነፃ ነው» አለች፤ «የሚያስከፍለው ወንበሩ።»
ቆመን አየን እኛ። የተቀመጡት ስልክ ላይ ነበሩ።

ክቡ ጣና ኖሯል! ፓኮው ጠብቦት ኖሮ
በሳንቲም አክሎታል፣ ጠቅልሎ አሳጥሮ።
ማዶ የለው፣ ወሰን የለው። የዘጌዋ ጀልባ
ጭረት ሆና ቀጠነች፣ ሰማይ ልትገባ።
ዳር ዳሩን እምቦጩ ሣር መስሎ ተኝቷል፤
አንድ ሕፃን ሊረግጠው እግሩን አንሥቷል፣
እናቱ በአንገቱ ሹራብ ስባ መለሰችው።
አጎቴ ይኸን አልሣለም። በጊዜው አልነበረማ፤ እንዴት ይሣለው?

«ዋርካውስ?» አልኩት ስንመለስ።
«ዋርካው? አልፈነው መጣን እኮ!
ያ አደባባዩ ነው። ከተቆረጠ ቆየ፤
እኔም አልደረስኩበት፣ አባቴም ግንዱን እንጂ ቅጠሉን አላየ።»
ይኸን ሲል አንዱ ታክሲ ጥጉን ይዞ ቆመ፤
«ዋርካው ወራጅ አለ!» የረዳቱ ድምፅ ቀደመ።
ሦስት ሰዎች ወረዱ፣ ባዶ ሰማይ ሥር።
ሊስትሮው ሳጥኑን ስቦ ነበር
ወደ ጥላው፤ የምን ጥላ እንደሆነ እንጃ።

ሰንብቼ፣ በሦስተኛው እሑድ፣
ከአዴት የመጡ ሽማግሌ፣ በሶ በስልቻ አዝለው፣
«ልጄ፣ የአገሩ ሰው ትመስላለህ፣
ሐኪም ቤቱ በየት ነው?»
አላቅማማሁም፦ «ቀጥ ብለው ይሂዱና፣ አባቴ፣
ከዋርካው ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፉ።»
መረቁኝ። በትራቸውን ቀየሩና አለፉ፣
ቀና ቀና እያሉ፣
ቅጠል ፍለጋ።